መስመሩ ከፊርማው በፊት፣ ድንጋዩ ከፊርማው በኋላ

ጥያቄ፦ «የቬርሳይ ውል የአውሮፓን ካርታ እንደ ለወጠ በትምህርት ቤት ተምረናል። በተግባር ግን ይህ እንዴት ይፈጸማል? አሸናፊዎቹ ካርታ ዘርግተው ያሰምራሉ፣ ተሸናፊው ይፈርማል፣ በቃ? መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው ይጠየቃል ወይ? ድንበሩንስ ሄዶ የሚያበጀው ማን ነው? ከዓመታት በኋላ ‹ተገድጄ ነው የፈረምኩት› ብሎ ማፍረስ ይቻላል?»

ምላሽ፦ ብዙ ሰው ነገሩን የሚያስበው እርስዎ በጻፉት መልክ ነው፤ ጥቂት ሹማምንት ካርታ ላይ አጎንብሰው፣ እርሳስ ጨብጠው። እንዲህ ያለ ሰዓት ጨርሶ አልነበረም አልልም። የድንበር ውሎችን አንቀጽ በአንቀጽ ሲያነብ የኖረ ሰው የሚያየው ግን ሌላ ነው። ፊርማው የነገሩ መካከል እንጂ መነሻውም መድረሻውም አይደለም። መስመሩ በአብዛኛው ከፊርማው በፊት በሠራዊት እግር ተሰምሮ ይቆያል፤ መሬት የሚነካው ድንበር ደግሞ ከፊርማው በኋላ በቀያሾች እጅ ይሠራል። በመካከል ያለው ወረቀት ጉልበትን ወደ መብት ይለውጣል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ብቻውን ግን ድንበር አይሆንም።

ምሳሌዎቼን በብዛት የምወስደው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ከተፈረሙት ውሎች ነው፦ ከጀርመን ጋር በቬርሳይ (1919)፣ ከኦስትሪያ ጋር በሴንት ዠርሜን (1919)፣ ከሃንጋሪ ጋር በትሪያኖን (1920)፣ ከኦቶማን መንግሥት ጋር በሴቭር (1920)፣ ይኸኛው ሳይጸና ቀርቶ በምትኩ ከቱርክ ጋር በሎዛን (1923)። አሠራሩን ከእነዚህ በላይ በግልጽ የሚያሳዩ ሰነዶች የሉም። ዓመታቱ ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የፓሪሱ ጉባኤ ጃንዋሪ 18 ቀን 1919 ሲከፈት የሚከፋፈለው መሬት ባለቤት አጥቶ የሚጠብቅ አልነበረም። ቼኮስሎቫኪያ ሦስት ወር ያህል ቀድማ ነጻነቷን አውጃለች። የሩማኒያ ጦር የሃንጋሪ ግዛት የነበረችው ትራንሲልቫኒያ ገብቷል። የሰርቢያ ጦር ኖቪ ሳድን ይዟል። በፖዝናን ዙሪያ የሚኖሩ ፖላንዳውያን ዲሴምበር 27 ቀን 1918 በጀርመን አስተዳደር ላይ ተነሥተው አውራጃውን ከሞላ ጎደል ተቆጣጥረዋል፤ በፌብሩዋሪ 1919 የታደሰው የተኩስ አቁም ስምምነት ሁለቱን ወገኖች የሚለይ መስመር አስቀመጠ፤ ቬርሳይ በዚያ በኩል ያጸደቀው ድንበርም ከዚያ መስመር ብዙ አልራቀም። ዲፕሎማቱ ፓሪስ ላይ የቱንም ያህል ቢከራከር፣ በመሬቱ ላይ የቆመውን ወታደር የሚያስነሣ ኃይል ከሌለው ክርክሩ ከአዳራሹ አይወጣም። የሴቭር ውል ዕጣ የዚሁ ማስረጃ ነው። ውሉ አናቶሊያን ሸንሽኖ በኦገስት 1920 ተፈረመ፤ የቱርኩ መሪ የሙስጠፋ ከማል ጦር በሜዳ አፈረሰው፤ ሎዛን ላይ የተጻፈው ድንበርም ያ ጦር ያስከበረው ነው።

ከወታደሩ ሌላ ቀድሞ የሚደርስ ነገር አለ፤ እሱም በጦርነቱ ጭንቅ ሰዓት የተገባ ቃል ነው። ኢጣሊያ ወደ ጦርነቱ እንድትገባ ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ሩሲያ ኤፕሪል 26 ቀን 1915 ለንደን ላይ በምሥጢር ከፈረሙላት ነገሮች አንዱ እስከ ብሬነር መተላለፊያ ያለው የኦስትሪያ የቲሮል ምድር ነበር። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዊልሰን በጃንዋሪ 1918 ካወጡት አሥራ አራት የሰላም ነጥብ ዘጠነኛው ደግሞ የኢጣሊያ ድንበር በግልጽ በሚታወቅ የብሔረሰብ መስመር እንዲስተካከል ይላል። ሁለቱ ሊታረቁ አይችሉም፤ ከብሬነር በስተደቡብ ከ200 ሺህ በላይ ጀርመንኛ ተናጋሪ ይኖር ነበር። የረታው የለንደኑ ወረቀት ነው። ድንበሩ ዛሬም ብሬነር ላይ ነው።

ታዲያ ጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ምንድን ነው? ወታደር ያልደረሰበት፣ ወይም ሁለት ወዳጆች የሚጣሉበት፣ ወይም ተሸናፊው ገና የያዘው መሬት። ፓሪስ ላይ ለየድንበሩ ኮሚሽን ተቋቁሞ ጂኦግራፈሮች፣ የታሪክ ሰዎችና የጦር መኰንኖች ተሰየሙበት። የመጀመሪያው መለኪያቸው የሕዝቡ ማንነት ነበር፤ ለዚያም የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ዘረጉ። ቁጥሩ ራሱ ግን ንጹሕ አልነበረም። በ1910 ቆጠራ ሃንጋሪ «የእናት ቋንቋህ ምንድን ነው?» ብላ ስትጠይቅ፣ ኦስትሪያ የጠየቀችው «በየቀኑ የምትገለገልበት ቋንቋ የቱ ነው?» ብላ ነው። ፋብሪካ ውስጥ ከአለቃው ጋር ጀርመንኛ የሚያወራ ቼክ በሁለተኛው ጥያቄ ጀርመን ሆኖ ይቆጠራል። በእንዲህ ያለ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ድንበር ማስመር ምን ያህል እንደሚያሳስት ባለሙያዎቹ ያውቁ ነበር፤ የተሻለ መዝገብ ግን አልነበራቸውም።

ሁለተኛው መለኪያ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የባቡር ሐዲድ ነው። የሃንጋሪንና የሩማኒያን ድንበር ካርታ ላይ ቢመለከቱ፣ መስመሩ ሳቱ ማሬን፣ ኦራዴያንና አራድን ወደ ሩማኒያ አስገብቶ ከእነሱ በስተምዕራብ በቅርብ ርቀት ያልፋል። የሦስቱም ከተሞች አብዛኛው ነዋሪ ያኔ ሃንጋሪኛ ተናጋሪ ነበር። ሆኖም ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚያገናኛቸው ሐዲድ ለአካባቢው ዋናው መሥመር ስለ ነበር፣ ፈረንሳዊው ጂኦግራፈር ኢማኑኤል ደ ማርቶንን የመሰሉ ባለሙያዎች አዲሲቱ ሩማኒያ ያለዚህ ሐዲድ እንደ አገር መንቀሳቀስ አትችልም ብለው ተከራከሩ። ከተሞቹ ሐዲዱን ተከትለው ሄዱ። ይህን ውሳኔ ጭካኔ ብቻ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ እንዲህ አልፈርድም። ከተሞቹ ለሃንጋሪ ቢቀሩ ኖሮ በዙሪያቸው ያለው ሩማንኛ ተናጋሪ ገጠር ከገበያው ይቆረጥ ነበር። ሰው ተደባልቆ በሚኖርበት አገር ማንንም የማይቆርጥ መስመር የለም። ጥፋታቸው የሚጀምረው የቆረጡትን ሰው ቅሬታ ከቁም ነገር አለመቁጠራቸው ላይ ነው። ታሪካዊቱ ሃንጋሪ በትሪያኖን ከግዛቷ ሁለት ሦስተኛውን አጣች፤ 3 ሚሊዮን ያህል ሃንጋሪኛ ተናጋሪም ከአዲሱ ድንበር ውጭ ቀረ።

አንዳንዴ ደግሞ ባለሙያው ያመጣውን ፖለቲከኛው ይመልሰዋል። በዡል ካምቦን የተመራው የፖላንድ ጉዳይ ኮሚሽን የወደብ ከተማዋን ዳንዚግን ለፖላንድ ስጡ ብሎ ነበር፤ ባሕር የሌላት ፖላንድ አትቆምም በሚል። የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ሎይድ ጆርጅ በጀርመኖች የተሞላች ከተማ ለሌላ መንግሥት መስጠት የሚቀጥለውን ጦርነት መዝራት ነው ብለው አሻፈረኝ አሉ። ከክርክሩ የወጣው ሁለቱንም ያላረካ መላ ነው፦ ዳንዚግ በመንግሥታት ማኅበር ጥበቃ ሥር ያለች ነጻ ከተማ ትሁን፣ ጉምሩኳና የውጭ ግንኙነቷ በፖላንድ ይያዝ። ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ሂትለር ለጦርነት ሰበብ ያደረገው ይችኑ ከተማ ነው።

አሁን ወደ ውሉ ጽሑፍ ልግባ፤ የጥያቄዎን እውነተኛ መልስ የማገኘው እዚህ ነው። የቬርሳይ ውል አንቀጽ 27 እና 28 የጀርመንን ድንበር በቃላት ይተርካሉ። የምሥራቅ ፕሩሲያ ወሰን የሚጀምረው በባልቲክ ባሕር ዳርቻ፣ ከፕሮበርናው ቤተ ክርስቲያን በስተሰሜን 1 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ ላይ ካለ ነጥብ ነው፤ ከዚያ ከእውነተኛው ሰሜን ወደ ምሥራቅ በ159 ዲግሪ ገደማ፣ ለ2 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ «በመሬት ላይ የሚወሰን መስመር» ሆኖ ይሄዳል። በአንዲት ሐረግ ውስጥ ሦስት «ገደማ» አለ። ይህ የጸሐፊዎቹ ስንፍና አይደለም። ፓሪስ ላይ ተቀምጦ ሊታወቅ የሚችለው እስከዚህ ድረስ መሆኑን ማመናቸው ነው።

አንቀጽ 29 ይህ ሁሉ በአንድ ሚሊዮንኛ መስፈርት ካርታ ላይ በቀይ ተስሎ ከውሉ ጋር ተያይዟል ይልና፣ ጽሑፉና ካርታው ካልተስማሙ የሚጸናው ጽሑፉ ነው ብሎ ይደነግጋል። በዚህ መስፈርት አንድ ሚሊ ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ነው። የቀዩ ቀለም ውፍረት ብቻ አንድ መንደር ከነእርሻው ይሸፍናል። እርስዎ «ካርታ ላይ አሰመሩ» ያሉትን ቀይ መስመር ውሉ ራሱ ከጽሑፉ በታች አስቀምጦታል። ይህ አንቀጽ ባይኖር ኖሮ ምን ሊከተል እንደሚችል የፕሬያ ቪሂር ቤተ መቅደስ ክርክር ያሳያል። በሲያም (በዛሬዋ ታይላንድ) እና ካምቦዲያን ትገዛ በነበረችው በፈረንሳይ መካከል የተደረገው የ1904 ውል ድንበሩ የውኃ መለያውን ተራራ ይከተላል ብሎ ነበር፤ በኋላ የተሣለው ካርታ ግን ቤተ መቅደሱን ወደ ካምቦዲያ አስገባው። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1962 ታይላንድ ካርታውን ለረጅም ጊዜ ሳትቃወም ኖራለች ብሎ ለካምቦዲያ ፈረደ። አንድ ዐረፍተ ነገር መጨመር የስንት ዓመት ጠብ ያስቀራል።

አንቀጽ 30 ስለ ወንዝ ይናገራል። መርከብ በማይሄድበት ወንዝ ድንበሩ የወንዙ ወይም የዋናው ክንዱ መካከል ነው፤ መርከብ በሚሄድበት ደግሞ የዋናው የመርከብ መተላለፊያ መካከል። ወንዝ መንገዱን ይቀይራልና፣ ድንበሩ ውኃውን ተከትሎ ይሂድ ወይስ ውሉ በጸናበት ዕለት ባለበት ይቆም የሚለውን የድንበር ኮሚሽኑ በየቦታው እንዲወስን ተተወ። ለውኃው እንኳ እንዲህ ተጠንቅቀው ሲያበቁ ለሰው የተጠነቀቁት በጥቂት ቦታ ብቻ መሆኑ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል።

የሰው ነገር ከተነሣ፣ «ነዋሪው ይጠየቃል ወይ?» ላሉት መልሱ «አልፎ አልፎ፣ የሚጠይቀው ወገን በሚፈልገው መንገድ» ነው። አልዛስ ሎሬን ያለ ምንም ድምፅ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። ፈረንሳይ በ1871 የተወሰደብኝን መልሼ መውሰዴ ነው፣ የራሴን ለመመለስ ፈቃድ አልጠይቅም አለች፤ ውሉም የሉዓላዊነቷን መመለስ ከኖቬምበር 11 ቀን 1918 ጀምሮ ቆጠረላት። ከጀርመን ወደ ቤልጅግ በተላለፉት በኦይፐንና በማልሜዲ ደግሞ ሕዝብ ተጠይቋል ለመባል ብቻ የተደረገ ነገር አለ። መሬቱን የያዙት የቤልጅግ ባለሥልጣናት መዝገብ ከፍተው «ከጀርመን ጋር መቆየት የሚፈልግ ለስድስት ወር ያህል መጥቶ ስሙን ይጻፍ» አሉ። በግልጽ፣ ፊርማን አስቀምጦ፣ በአዲሱ ሹም ፊት። ከ33 ሺህ በላይ መብት ካላቸው ሰዎች የጻፉት 271 ብቻ ናቸው። ይህን ሕዝበ ውሳኔ ብሎ መጥራት በቃሉ ላይ ግፍ መሥራት ነው።

ለማነጻጸር ጀርመንና ዴንማርክ የሚዋሰኑበትን ሽሌዝቪግን ይዩ፤ ለእኔ የዚያ ዘመን ምርጥ ሥራ ይህ ነው። ዴንማርክ በጦርነቱ አልተካፈለችም፤ ነገር ግን በ1864 ያጣችው አገር ጉዳይ በአንቀጽ 109 ገባ። መጀመሪያ፣ ውሉ በጸና በ10 ቀን ውስጥ የጀርመን ወታደርና ሹም አካባቢውን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። አስተዳደሩ ለዓለም አቀፍ ኮሚሽን ተሰጠ፤ ስዊድንና ኖርዌይም አንዳንድ አባል እንዲመርጡ ተጋበዙ። ድምፅ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ በውሉ ተጻፈ፤ ዕድሜው 20 የሞላ፣ በዚያ የተወለደ፣ ወይም ከ1900 በፊት ጀምሮ በዚያ የኖረ፣ ወይም በጀርመን ባለሥልጣናት ተባርሮ የነበረ። ሰሜናዊው ክፍል ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1920 በጅምላ ድምፅ ሰጠ፤ 75 በመቶ ያህሉ ለዴንማርክ። ከእሱ በስተደቡብ ያለው ማርች 14 ቀን በየቀበሌው ድምፅ ሰጠ፤ 80 በመቶ ያህሉ ለጀርመን። ድንበሩ በሁለቱ መካከል ተተከለ።

እዚህም ፍጹም ፍትሕ አልነበረም። የቶንደር ከተማ ነዋሪ በብዛት ለጀርመን ድምፅ ቢሰጥም፣ የሰሜኑ ቆጠራ በጅምላ ስለ ነበር ወደ ዴንማርክ ሄደ። በኮፐንሃገንም «በደቡቡ ክፍል ያለችው ፍሌንስቡርግ ድምፁ ምንም ይሁን ምን የእኛ ናት» የሚሉ ሰዎች ተነሥተው ንጉሥ ክርስቲያን 10ኛ ጠቅላይ ሚኒስትራቸውን እስከ መሻር ደርሰው ነበር። የዴንማርክ መንግሥት ግን በመጨረሻ ድምፁ የሰጠውን ብቻ ተቀበለ። አሸናፊዎቹ ሊጨምሩለት በሚችሉበት ሰዓት «ይበቃኛል» ያለ መንግሥት በድንበር ታሪክ ውስጥ እጅግ ብርቅ ነው። ሂትለር በ1940 ዴንማርክን ሲወር እንኳ ያንን መስመር አላዛወረውም። ዛሬም እዚያው ነው።

ጀርመንና ፖላንድ የተከራከሩበት ላይኛው ሲሌዥያ የዚህ ተቃራኒ ነው። የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ነበር፤ ማንም «ይበቃኛል» የሚልበት ቦታ አልነበረም። ማርች 20 ቀን 1921 በተደረገው ድምፅ 707 ሺህ ያህሉ ለጀርመን፣ 479 ሺህ ያህሉ ለፖላንድ ሰጡ። በዚያ ተወልደው ሌላ ቦታ የሚኖሩም ድምፅ እንዲሰጡ ተፈቅዶ ስለ ነበር ከጀርመን በባቡር ተጭኖ የመጣው ብዙ ነው፤ ፖላንዶች ይህን እስከ መጨረሻው ሲያማርሩበት ኖረዋል። ጀርመን አብላጫውን አገኘሁና ሁሉንም ልውሰድ አለች። ውሉ ግን ድምፁ በየቀበሌው እንዲቆጠርና የቦታው አቀማመጥና ኢኮኖሚም እንዲታይ ይላል። በሜይ የፖላንዶች አመፅ ፈነዳ፤ ብሪታንያና ፈረንሳይ መስማማት አቃታቸው፤ ነገሩ ወደ መንግሥታት ማኅበር ምክር ቤት ተላከ። እሱም ከቤልጅግ፣ ከብራዚል፣ ከቻይናና ከስፔን የተውጣጡ አራት አባላት አስጠንቶ በኦክቶበር 1921 አገሩን ከፈለው። ፖላንድ ያገኘችው ከመሬቱ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ነው፤ አብዛኛው የከሰል ጉድጓድ ግን በዚያ ውስጥ ነበር።

አዲሱ መስመር የተሳሰረውን የኢንዱስትሪ አገር ከመካከሉ ስለ ቆረጠው፣ ሐዲዱ፣ ውኃው፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ፣ የሠራተኛው መመላለሻ ሁሉ አንድ በአንድ መታሰብ ነበረበት። ከዚህ የተወለደው በሜይ 1922 የተፈረመው የጄኔቫ ስምምነት 606 አንቀጾች አሉት። ለአሥራ አምስት ዓመት የሚሠራ ነበር፤ ካቶቪትሰ ላይ በስዊሱ ፌሊክስ ካሎንደር የሚመራ ድብልቅ ኮሚሽን፣ ቦይተን ላይ ደግሞ የግልግል ፍርድ ቤት ተቀመጠ፤ አንድ ተራ ሰው የገዛ መንግሥቱን ጭምር ከስሶ የሚቆምበት መድረክ ነበር። የተበላሸ ውሳኔን በትዕግሥት በሚሠራ ሕግ እንዴት ማለዘብ እንደሚቻል የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዘመኑ በ1937 ሲያበቃ የሚያድሰው አልተገኘም።

ድንበሩን ሄዶ ማን ያበጃል? በውሉ የተቋቋመ የድንበር ኮሚሽን ነው። የቤልጅግና የጀርመኑ በአንቀጽ 35 ሰባት አባላት ነበሩት፤ አምስቱ በዋናዎቹ አሸናፊ መንግሥታት የተሾሙ፣ አንድ ከቤልጅግ፣ አንድ ከጀርመን። ውሳኔው በድምፅ ብልጫ ነው፤ ሁለቱንም ወገን ያስገድዳል። ከቀያሾች ጋር መሬቱ ላይ ይወርዳሉ፤ «ገደማ» የተባለውን ሁሉ ወደ ሜትር ይለውጣሉ፤ ድንጋይ ያስተክላሉ፤ እያንዳንዱን ድንጋይ በቁጥር መዝግበው በትልቅ መስፈርት ካርታ ላይ ያሰፍሩታል። የአንድ ገበሬ ቤት በአንድ በኩል፣ ማሳው በሌላ በኩል የሚቀርበትን ቦታ የሚያገኙት እነሱ ናቸው። አንዳንዴ መስመሩን ጥቂት ያጎብጡለታል፤ አንዳንዴ ድንበር ተሻግሮ የሚያርስበት ፈቃድ ይሰጠዋል።

የዚሁ ኮሚሽን ሥራ ዛሬም በዓይን ይታያል። ውሉ የኢኮኖሚውንና የመገናኛውን ነገር ግምት ውስጥ አስገቡ ስላላቸው፣ ኦይፐንን ከማልሜዲ የሚያገናኘው ፌንባን የተባለው የባቡር መሥመር በጀርመን በቀረው በሞንሻው አካባቢ የሚያልፍበት ቦታ አስቸገራቸው። ሐዲዱን ከነጣቢያዎቹ ለቤልጅግ ሰጡት። እንግዲህ ከሐዲዱ በስተምዕራብ ያሉ የጀርመን መንደሮች በቀጭን የቤልጅግ መሬት ከአገራቸው ተለይተው ቀሩ። አምስቱ ቁራጮች ዛሬም አሉ፤ ትንሹ አንድ ቤትና ግቢው ብቻ ነው። ባቡሩ ከቆመ ቆይቷል፤ በቦታው የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። መሬቱ ግን አሁንም የቤልጅግ ነው፤ ምክንያቱ ቢጠፋም ድንበሩ አልተነሣም።

ኮሚሽኖቹ ተስፋ ያስቆረጡም አሉ። ሃንጋሪ ትሪያኖንን ከመፈረሟ በፊት የጉባኤው ሊቀ መንበር ሚለራን በሜይ 1920 በላኩላት ደብዳቤ፣ የድንበር ኮሚሽኖቹ ቦታው ላይ ግፍ ካዩ ማሻሻያ ማሳሰብ ይችላሉ የሚል ሐሳብ ነበረበት። ሃንጋሪዎች በዚህ ብዙ ተመኩ። የተገኘው ግን እዚህም እዚያም ጥቂት ማስተካከያ ብቻ ነው።

መስመሩ በሰው ቤት ላይ ካለፈ በኋላ ሰውየው የማን ዜጋ ነው? በቬርሳይ አንቀጽ 91 መሠረት ለፖላንድ በተሰጠው አገር የሚኖር የጀርመን ዜጋ ወዲያው የፖላንድ ዜጋ ይሆናል፤ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1908 በኋላ መጥቶ የሰፈረ ግን ልዩ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ጀርመን ቀደም ሲል ሰፋሪ እያስገባች ስለ ነበር። ዕድሜው ከ18 በላይ የሆነ በሁለት ዓመት ውስጥ ጀርመንነቱን መምረጥ ይችላል። የባል ምርጫ ሚስትን፣ የወላጅ ምርጫ ከ18 በታች ያሉ ልጆችን ይጎትታል። የመረጠ ሰው በሚቀጥሉት 12 ወራት መኖሪያውን ወደ መረጠው አገር ማዛወር ይችላል፤ ቤትና መሬቱ በስሙ ይቆይለታል፤ የሚንቀሳቀስ ንብረቱን ያለ ቀረጥ ይዞ ይወጣል። ባለትዳር ሴት የራሷን አገር የመምረጥ መብት አልነበራትም፤ ይህን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም።

ሎዛን ምርጫውን ጨርሶ አስቀረው። በጃንዋሪ 1923 ግሪክና ቱርክ የፈረሙት ስምምነት ሰውን በግዴታ ያለዋውጣል፤ መለኪያውም ሃይማኖት ነው። 1.2 ሚሊዮን ያህል ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወደ ግሪክ፣ ከ350 ሺህ በላይ ሙስሊም ወደ ቱርክ ተቆጠረ። ቱርክኛ ብቻ የሚናገሩ የአናቶሊያ ክርስቲያኖች ቋንቋዋን ወደማያውቋት ግሪክ ተላኩ፤ ግሪክኛ የሚናገሩ የቀርጤስ ሙስሊሞች ወደ ቱርክ። ከልውውጡ የተተዉት የኢስታንቡል ግሪኮችና የምዕራብ ትሬስ ሙስሊሞች ናቸው። ይህ ድንበር ጸንቷል፤ አንዳንድ ጸሐፊዎችም በዚህ ምክንያት ሎዛንን የተሳካ ውል ይሉታል። እኔ ይህን ቃል አልጠቀምም። ድንበሩን ለሰው ማስማማት ሲያቅት ሰውን ለድንበሩ ማስማማት በሰፊው የተለመደው ከዚህ በኋላ ነው፤ በ1945 ፖትስዳም ላይ የተሰበሰቡት መሪዎች የጀርመን ሕዝብ ከምሥራቅ አውሮፓ «በሥርዓትና በሰብአዊነት» እንዲዛወር ሲስማሙ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ቤቱን ለቋል፤ ሥርዓቱም ሰብአዊነቱም በመንገድ ላይ አልታየም።

ስለ ንብረትና ዕዳ ባጭሩ፦ መሬቱን የሚወስደው መንግሥት በላዩ ያለውን የመንግሥት ንብረት ይወስዳል፣ ከዕዳውም ድርሻውን ይሸከማል። ፈረንሳይ ግን በአልዛስ ሎሬን ዕዳ ከመሸከም ነጻ ሆናለች፤ ጀርመን በ1871 አገሩን ስትወስድ የፈረንሳይን ዕዳ አልካፈልም ብላ ስለ ነበር። አርባ ስምንት ዓመት ሙሉ ያልተረሳ ሒሳብ ነው። መዝገብና ፕላንም አብሮ ይተላለፋል፤ ያለ ርስት መዝገብ የተረከቡት አገር አይተዳደርምና።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንገዱ ተለወጠ። ከኢጣሊያ፣ ከሩማኒያ፣ ከሃንጋሪ፣ ከቡልጋሪያና ከፊንላንድ ጋር በፌብሩዋሪ 1947 ፓሪስ ላይ ውል ተፈረመ፤ ከጀርመን ጋር ግን ለ45 ዓመት ምንም የለም። ፖትስዳም ከኦደርና ከናይሰ ወንዞች በስተምሥራቅ ያለውን አገር በፖላንድ አስተዳደር ሥር አድርጎ የመጨረሻው ድንበር በሰላም ውል ይወሰን አለ። ፖላንዶች ግን ጉባኤው ከመሰብሰቡ በፊት እዚያው ገብተው ያስተዳድሩ ነበር። ምሥራቅ ጀርመን በ1950፣ ምዕራብ ጀርመን በ1970 መስመሩን በየፊናቸው ተቀበሉ። ሙሉው ማረጋገጫ የመጣው አገሪቱ ስትዋሐድ በሴፕቴምበር 1990 በተፈረመው ውልና፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር 14 ቀን ከፖላንድ ጋር በተደረገው የድንበር ውል ነው።

በዚህ ዘመን የተለመደ ሌላ ዘዴም አለ፤ «ተውኩ» የሚባልበት ግን ለማን እንደ ሆነ የማይነገርበት። ኢጣሊያ በ1947 የአፍሪካ ግዛቶቿን ለቀቀች፤ ዕጣቸው በአራቱ ኃያላን፣ ካልተስማሙም በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እንዲወሰን ተባለ፤ አልተስማሙምና ወደ ጉባኤው ሄደ። ጃፓን በ1951 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ታይዋንንና የኩሪል ደሴቶችን ስትለቅ ተቀባዩ በውሉ አልተጠቀሰም። በዚያ ዕለት ለመፈራረም የሚያመች ዘዴ ነበር። የተተወው ክፍተት ግን እስካሁን ያከራክራል።

የመጨረሻው ጥያቄዎ፣ ማፍረስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን አንቀጽ 19 ጊዜ ያለፈባቸው ውሎች እንደገና ይታዩ ዘንድ ጉባኤው እንዲመክር ፈቅዶ ነበር፤ አንድም ድንበር በዚህ በር አልወጣም። ሃንጋሪ በሌላ በር ሞከረች፤ በ1938 እና በ1940 በጀርመንና በኢጣሊያ ዳኝነት ከቼኮስሎቫኪያና ከሩማኒያ መሬት አስመለሰች። የ1947ቱ ውል ሁለቱንም ውሳኔ ውድቅ አድርጎ ድንበሩን ወደ ነበረበት መለሰ፤ ጭራሽ በብራቲስላቫ አጠገብ ሦስት መንደር ጨምሮ ወሰደባት።

ዛሬ ሕጉ ሁለት ነገር ይላል። በ1969 የወጣው የቪየና የውሎች ስምምነት፣ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር በጣሰ ኃይል ወይም ዛቻ የተገኘ ውል ከመነሻው ዋጋ የለውም ይላል፤ ይህ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ የ1919ን ፊርማ አይነካም፤ ወራሪ ሆኖ በተሸነፈ አገር ላይ በቻርተሩ መሠረት የሚጣል ግዴታንም አይሽርም። በሌላ በኩል ያው ስምምነት «ሁኔታው ተለውጧል» የሚለውን ምክንያት በድንበር ውል ላይ ማንሣት ከልክሏል። ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 1994 በሊቢያና በቻድ ክርክር ላይ ከዚህም አልፎ ሄደ። ድንበሩ የተመሠረተበት የ1955 ውል ለሃያ ዓመት ብቻ የተፈረመ ነበር። ፍርድ ቤቱ ግን በውል የቆመ ድንበር ውሉ ራሱ የሌለው ዘላቂነት እንዳለው፣ ውሉ ቢያበቃ ድንበሩ እንደሚቀጥል ወሰነ። ሊቢያም በሜይ ወር መጨረሻ ጦሯን ከተከራከሩበት ምድር ከአውዙ አስወጣች።